አዴ ዘሀራ ከበሩ ውጭ የቆሙበት ቀን

አዴ ዘሀራ ጡረታ መውጣታቸውን የሰማሁት ኑኑ ቁምባ ወረዳ ሆኜ ነው። ለመድኃኒት ቆጠራ ሄጄ ሳምንት ቆይቼ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ደውላ ስለ ሌላ ጉዳይ ስታወራኝ ቆየችና ልትዘጋ ስትል፣ "ሳልነግርሽ፤ አዴ ዘሀራ እኮ ዓርብ ዕለት ተሸኙ። ዛሬ ጠዋት ጓዛቸውን ጭነው ወደ አንገር ጉቲን ሄዱ፤ ከእንግዲህ እዚያ ነው የሚኖሩት" አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ወደ ካርቶኖቹ ዞር ስል የት ላይ እንደደረስኩ ጠፋኝ። እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።

ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከእናቴ ቀጥሎ በየጠዋቱ የማየው ፊት የእሳቸው ነበር። ሳልሰናበታቸው ሄዱ።

የምሠራበት ግቢ ነቀምቴ ዳር ላይ ያለ የመድኃኒት መጋዘን ነው። በወለጋ ከተሞች ላሉ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት የሚወጣው ከዚያ ነው። በግቢው ውስጥ ሰው የሚያድን ብዙ ነገር አለ፤ ያለ ቦታው ከዋለ ሰው የሚገድልም እንዲሁ። ስለዚህ ማንኛውም ሠራተኛ ስሙና ፎቶው ያለበትን ባጅ ደረቱ ላይ ሳያንጠለጥል ከበሩ ማለፍ አይችልም። ሕጉ ግድግዳ ላይ በሁለት ቋንቋ ተጽፎ ተለጥፏል። እንደ ብዙ ሕግ ተለጥፎ ሊቀር ይችል ነበር። ያልቀረው በሩን የሚጠብቁት አዴ ዘሀራ ስለነበሩ ነው።

በልጃገረድነታቸው ከእናታቸውና ከታናሽ እህታቸው ጋር ከወሎ መጥተው አንገር ጉቲን ከሰፈሩት ናቸው። እዚያ በመንግሥት እርሻው ሲሠሩ ኖረው፣ እርሻው ሲፈርስ ወደ ነቀምቴ መጥተው በጥበቃነት ተቀጠሩ። ኦሮምኛቸው የወሎ ዜማ ነበረው። ቀጭንና ረጅም ናቸው፤ ሻሻቸውን አጥብቀው ያስራሉ፤ የደንብ ልብሱ ኮት ትከሻቸው ላይ ይሰፋል። እዚህ ለትልቅ ሴት እንደምንለው ሁላችንም "አዴ" እንላቸዋለን፤ ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር።

በተቀጠርኩ በሦስተኛው ቀን ባጄን ረስቼ መጣሁ።

"አካም ቡልቴ፣ ኢንተለ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው።

"ናጋ፣ አዴ" ብዬ ላልፍ ስል እጃቸውን ዘረጉ። አልነካኝም፤ ከፊቴ ብቻ ቆመ።

"ባጅሽስ?"

"ቤት ረስቼው ነው። ለሊሴ ነኝ፤ ትናንት አይተውኛል እኮ።"

"አይቼሻለሁ። ትናንት እዚህ ትሠሪ ነበር። ዛሬም የምትሠሪ መሆንሽን በምን አውቃለሁ? አባረውሽ ቢሆንስ?"

"በአንድ ሌሊት ማን ያባርረኛል?"

"እሱን እኔ አላውቅም። ባጁ ነው የሚያውቀው" አሉና ለሚቀጥለው ሰው "አካም ቡልቴ" አሉ።

ቤታችን በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር ነው። በጭቃ ሄጄ በጭቃ ተመለስኩ። በማርፈዴም ሥራ አስኪያጁ ገሠጸኝ። አንድ ሳምንት ሰላም ስል አፌን ብቻ እያንቀሳቀስኩ አልፋቸው ነበር። እሳቸው ግን ሰላምታቸውን ቀንሰውብኝ አያውቁም። ባጄ ተገልብጦ ጀርባው ወደ ፊት ከሆነ በሁለት ጣታቸው ያስተካክሉልኛል፤ እናት የልጇን ኮሌታ እንደምታስተካክል።

አንድ ጊዜ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች መጡ። ሥራ አስኪያጁ ኦቦ ፈይሳ ከፊት እየመራ ሲያስገባቸው፣ አዴ ዘሀራ ለእያንዳንዳቸው የእንግዳ ካርድ እየሰጡ ስማቸውን መዝገብ ላይ ማስፈር ጀመሩ። አንዱ ትልቅ ሰው ተቆጡ።

"እኔን አታውቂኝም?"

"አላውቅዎትም፣ ጌታዬ። ካርዱ ለዚህ ነው።"

ኦቦ ፈይሳ ወደ መሬት አየ። ሳቁን ይሁን እፍረቱን የደበቀው እስከዛሬ አልገባኝም። ሰውየው ካርዱን አንጠለጠሉ።

ሰው ሁሉ ደረቅ ናቸው ይላቸው ነበር። እኔም እል ነበር። የጽዳት ሠራተኞቹ ነገር እስኪመጣ ድረስ።

ሦስት የኮንትራት ጽዳት ሠራተኞች ነበሩን። ኮንትራት ናቸው ተብሎ ባጅ አልተሠራላቸውም፤ ለዓመታት "እነሱ ግድ የለም፣ ይግቡ" እየተባለ ነው የገቡት። አንድ ሰኞ ጠዋት አዴ ዘሀራ ሦስቱንም በሩ ላይ አስቆሟቸው። ወለሉ ሳይጠረግ፣ ቆሻሻው ሳይወጣ ረፈደ። ኦቦ ፈይሳ ወጣ።

"አዴ፣ ዛሬ ምን ተገኘ? እነሱ እኮ ግድ የለም።"

"ግድ የሌለው ሰው በዚህ በር አይገባም" አሉት። "የሁሉንም ክፍል ቁልፍ የሚይዙት እነሱ ናቸው። አንድ ነገር ቢጠፋ መጀመሪያ የሚጠየቁት እነሱ ናቸው። ሲጠየቁ ሠራተኛ፣ ሲገቡ ግን ስም የላቸውም። እንግዲህ ወይ ስም ይስጧቸው፣ ወይ ቁልፉን ይቀበሏቸው።"

እዚያው ሲከራከሩ አረፈዱ። ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ፎቶ ተነሱ። በማግስቱ ባጃቸው ሲሰጣቸው፣ ብርቄ የምትባለው ከሥራ ስትወጣ ሳታወልቅ እስከ ገበያ ሄደች። ሽንኩርት የሚሸጡት ሁሉ በስሟ ጠሯት ብላ ነገረችን።

ከዚያ በኋላ ግን ባጅን ይዞ መንገድ መሄድ የሚያስፈራበት ጊዜ መጣ። በወለጋ መንገዶች ላይ ማን እንደሚያስቆምህ፣ የትኛው ወረቀት እንደሚያድንህና የትኛው እንደሚያጠፋህ አታውቅም ነበር። ደረት ላይ ስም የጻፈው ያው ባጅ፣ ኪስ ውስጥ ሲገኝ ነፍስ ሊያስከፍል ይችላል። ከከተማ ውጭ የሚመላለሱት ባልደረቦቻችን በጫማቸው ውስጥ፣ በዳቦ ውስጥ መደበቅ ጀመሩ።

አዴ ዘሀራ ይህን ሲሰሙ ከቤታቸው አንድ ወፍራም ጨርቅ ይዘው መጡ። ላዩ ላይ ትንንሽ ኪሶች ሰፍተውበታል፤ በየኪሱ በቀይ ክር የሠራተኛው ስም ተጠልፏል። ጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። "ማታ ስትወጡ እዚህ ትታችሁ ሂዱ፤ ጠዋት ከእኔ እጅ ትወስዳላችሁ" አሉ። "ይህ ነገር እንዲያስገባችሁ ነው የተሠራው፤ እንዲያስገድላችሁ አይደለም።"

ይህንን ሁሉ ያወራሁት ስለ አንድ ማክሰኞ ለመናገር ነው።

ክረምት ነው። ቀትር ላይ አዴ ዘሀራ ሰው ልከው ወደ በሩ አስጠሩኝ። ከበሩ ውጭ አንዲት ሴት ቆማለች፤ የፕላስቲክ ጫማ፣ እስከ ጉልበቷ የደረሰ ጭቃ፣ ትከሻዋ ላይ ባዶ ጆንያ። ገበያ የመጣች ገበሬ ነው የምትመስለው።

"ንገሪያት፤ የመድኃኒት ባለሙያዋ እሷ ናት" አሏት አዴ ዘሀራ።

ሴትዮዋ ሲስተር ቢፍቱ እባላለሁ አለች። ከአንገር ጉቲን ወዲያ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም የሚያቆመው መርፌ ካለቀባቸው ሦስት ሳምንት ሆኖታል። የእኛ መኪና በመንገዱ ምክንያት ሊደርስላቸው አልቻለም።

"እሁድ ዕለት አንዲት እናት እጄ ላይ ሞተች" አለች። ድምፅዋ አልተለወጠም፤ ብዙ ጊዜ በልቧ እንዳለችው ያስታውቃል። "ቀናቸው የደረሰ ሌሎች አሉ። ሁለት ቀን ሙሉ በበቆሎ መኪናና በእግሬ መጣሁ።"

"የጤና ጣቢያው ደብዳቤ?" አልኳት።

"ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዤ እንዴት ልለፍ? ደብዳቤውንም ባጄንም ከመነሳቴ በፊት ምድጃ ውስጥ ጨመርኳቸው።"

ስልክ ደውዬ እንዳላጣራ፣ በዚያ አካባቢ ስልክ ከተቋረጠ ወራት አልፈውታል። ኦቦ ፈይሳ ስብሰባ ሄዷል፤ ስልኩ አይነሳም። መርፌው ደግሞ ያለ ደብዳቤ የማይወጣ ነው። በዚያ ወቅት ባለሙያ ነኝ እያለ መድኃኒት አውጥቶ የሚሸጥ አይጠፋም ነበር። ሴትዮዋን ማመን ፈለግሁ። ማመን ግን የሥራዬ ወረቀት ላይ የለም። ወደ አዴ ዘሀራ ዞርኩ።

እሳቸው ሴትዮዋን ትክ ብለው እያዩ ነበር።

"መንደር ሰባትን ታውቂዋለሽ?" አሏት።

"አውቀዋለሁ።"

"ዘይነባ የምትባል አለች። ባሏ አናጢ ነው።"

ሲስተር ቢፍቱ በድካሟ መካከል ፈገግ አለች። "ዘይነባን ማን የማያውቃት አለ? ጤና ጣቢያ መጥተሽ ውለጂ እያልኩ ስለምናት ኖሬ፣ አራቱንም ቤቷ ነው የወለደችው። ባለፈው ወር ምጡ ሲከፋ ማለዳ ጠርተውኝ ሄድኩ። ሕፃኗ እግሯን አስቀድማ ነበር የመጣችው።"

አዴ ዘሀራ አልተንቀሳቀሱም። "ምልክቷን ንገሪኝ" አሉ።

"ግራ ጉልበቷ ላይ የእሳት ጠባሳ አላት፤ ከጉልበቷ ወደ ላይ የሚሄድ። ስታምጥ እሱን ጨብጣ ነው የምትጮኸው።"

"ደህና ናት?"

"ደህና ናት። ሕፃኗም ደህና ናት።"

ዘይነባ የአዴ ዘሀራ ሟች እህት ልጅ እንደሆነች፣ ወልደው ስለማያውቁ እንደ ልጃቸው አድርገው እንዳሳደጓት፣ ስልክ ከተቋረጠ ጀምሮም በሕይወት ትኑር አትኑር እንደማያውቁ እኔ የሰማሁት ኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ያየሁት ሻሻቸውን ፈትተው እንደገና አጥብቀው ሲያስሩ ብቻ ነው።

"አንቺ እዚሁ ትቆሚያለሽ፤ አትገቢም" አሏት።

የሴትዮዋ ፊት ጠቆረ።

"መድኃኒቱ ግን ይወጣል። ሕጉ ባጅ የሌለው ሰው አይግባ ነው የሚለው፤ እኔም አላስገባሁሽም" አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

"አዴ፣ ሲወጣም እኮ በደብዳቤ ነው። ነገ ስጠየቅ ምን እላለሁ?" አልኳቸው። ፈርቼ ነበር፤ አልደብቅም። በእኔ ደሞዝ የሚተዳደሩ ሰዎች ነበሩ።

ባጃቸውን ከአንገታቸው አወለቁ። በሃያ ዓመት ግቢ ውስጥ ሲያወልቁት ያየ ሰው የለም።

"ይህንን ከወጪ ደረሰኙ ጋር አያይዢው። ተጠያቂ ሲፈለግ ስሙ እዚያ ላይ አለ። ሴትዮዋን ያጣራሁት እኔ ነኝ።"

ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ገባሁ። አንድ ካርቶን መርፌ አወጣሁ፤ በበረዶ ሳጥን አሸግሁት። ሲስተር ቢፍቱ በሩ ላይ ቆማ ፈረመች። አዴ ዘሀራ ከማዶ ካለው ሱቅ ሽንኩርት አስመጥተው ሳጥኑን ጆንያው ውስጥ ከሥር፣ ሽንኩርቱን ከላይ አደረጉላት። "ገላቶማ" አለች ሴትዮዋ፤ አመሰግናለሁ ማለቷ ነው። ጆንያዋን ተሸክማ ወደ መናኸሪያው ወረደች።

እሷ ስትሄድ አዴ ዘሀራ የጥበቃ ዱላቸውን ለባልደረባቸው ሰጡ። ከበሩ ወጥተው አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። ዝናብ ማካፋት ጀምሯል።

"አዴ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ባጅ የለኝም" አሉ።

ለመንኳቸው። ባልደረባቸውም ለመናቸው። አልገቡም። ምሳቸውን እንኳ ውጭ ቆመው ነው የበሉት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የኦቦ ፈይሳ መኪና መጣ። መስኮቱን አወረደ። "አዴ፣ ምን ሆነው ነው በዝናብ?"

"ባጅ የለኝም፣ ኦቦ ፈይሳ።"

"የት ሄደ?"

"አስይዤዋለሁ።"

ደረሰኙን ይዤ ሮጥኩ፤ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ከመኪናው ወርዶ ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ሴትዮዋ አታላይ ብትሆንስ?" አላቸው።

"ያኔ ይህንን ባጅ አይመልሱልኝ።"

"ዘይነባ ያሳደጓት ልጅ ናት፤ ወሬዋን ስላመጣች ልብዎ ራርቶ ይሆናል እኮ።"

"ወሬውን ስሰማ ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽዎትም" አሉ። "ያመንኳት ግን በጠባሳው ነው። ያንን ባሏና ያዋለዳት ካልሆኑ ማንም አያየውም።"

ኦቦ ፈይሳ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ብዙ አሰበ። ባጁን ቢመልስ ነገሩን ተቀበለው ማለት ነው፤ ኃላፊነቱ የእሱም ይሆናል። ሁላችንም ገብቶናል። በመጨረሻ ብዕር ከኪሱ አውጥቶ በመኪናው ጣሪያ ላይ ደረሰኙን አመቻቸና ከእኔ ፊርማ ሥር ፈረመ። ባጁን ፈትቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው።

"ይግቡ፤ ብርድ ይመታዎታል" አላቸው።

በማግስቱ ጠዋት ለሁለታችንም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰን። እኔ አለቀስኩ። አዴ ዘሀራ አንብበው ጨረሱና አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። "ልክ ነው። እኔም እሱን ብሆን እጽፍ ነበር" አሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ረጅም ነበሩ። መድኃኒቱ ደርሶ እንደሆነ፣ ሴትዮዋ በመንገድ ቀርታ እንደሆነ የምናውቅበት መንገድ አልነበረም። በሩ ላይ ስንገናኝ ስለዚያ አናወራም። አንድ ቀን ብቻ፣ ባጄን ሲያስተካክሉልኝ፣ "ደርሳለች" አሉኝ። ወሬ የሰሙ መስሎኝ ከየት ሰሙ ብላቸው፣ "አልሰማሁም" አሉ።

መንገዱ ትንሽ ሲላላ ማኅተም ያለው ደብዳቤ መጣ። መርፌው በሙሉ ደርሷል፤ የተወጋላቸው አምስት እናቶች በሕይወት አሉ ይላል። ኦቦ ፈይሳ ደብዳቤውን በሌላ ሰው አልላከም። ራሱ ወደ በሩ ወርዶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለአዴ ዘሀራ አነበበላቸው። ጨርሶ ሊሄድ ሲል፣ "እንግዲያው አንድ ነገር ልለምንዎት" አሉት። በየጤና ጣቢያው ያሉት ባለሙያዎች ፎቶና የሚታወቁበት ምልክት እዚህ በሩ ላይ በመዝገብ ይቀመጥ፤ እነሱ ባዶ እጃቸውን ይምጡ፤ ፊታቸውን እኛ እናመሳክራለን አሉት። ተደረገ። በዚያ መዝገብ ምክንያት ስንት ሰው ባዶ እጁን በሰላም መጥቶ መድኃኒት ይዞ እንደተመለሰ እኔ አይቻለሁ።

ዘንድሮ መንገዱ ተከፍቶ መኪናችን አንገር ጉቲን መድረስ ሲጀምር እኔ ጭነቱን ላስረክብ ብዬ ለመንኩ። ሳልሰናበታቸው መሄዳቸው ሆዴ ውስጥ ነበር። መንደር ሰባት ደርሰን ቤታቸውን ስጠይቅ፣ "ዘይነባን ይዘው ጤና ጣቢያ ናቸው" አሉን። እኛም የምንሄደው ወደዚያው ነው።

ማዋለጃ ክፍሉ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የደንብ ልብስ ሳይለብሱ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው፤ ቀሚሳቸው አበባ ያለበት ነበር። አቅፈው ሳሙኝ።

"አምስተኛውን እንኳ እዚህ ትወልዳለሽ ብዬ በግድ አመጣኋት" አሉኝ። "መንገዱን ሙሉ ስትሰድበኝ ነው የመጣችው።"

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከውስጥ የዘይነባ ድምፅ ይሰማል። ያን ሁሉ ዓመት ልጠይቃቸው ፈልጌ ያልጠየቅኳቸውን ጠየቅኳቸው። መጋዘኑ ውስጥ ብዙ ይባል ነበር፤ በሰፈራው ጊዜ የሆነ ነገር ደርሶባቸዋል የሚል አለ፣ አንድ ጊዜ ሌባ አስገብተው ተጸጽተዋል የሚልም አለ።

"አዴ፣ በባጅ ነገር እንደዚያ የሚያጠብቁት ለምን ነበር?"

ገረማቸው። "በር ጠባቂ ሆኜ ነዋ! አንቺ መድኃኒት ስትቆጥሪ ማን ምን አድርጎሽ ነው?"

ሳቅሁ። ከዚያም፣ "ያን ማክሰኞ በጣም ፈርቼ ነበር" አልኳቸው።

"እኔም" አሉ።

"አይመስሉም ነበር።"

"አጥሩን የተደገፍኩት ለምን ይመስልሻል?"

ላመሰግናቸው አፌን ስከፍት ሕፃን አለቀሰ። ሲስተር ቢፍቱ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ "ወንድ ነው፤ እናቲቱም ሰላም ናት" አለች። አዴ ዘሀራ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ከውስጥ ዘይነባ ስማቸውን ስትጣራ ሰማን፤ አሁን ስድብ አልነበረውም።

ሾፌሩ የመኪናውን ጥሩምባ ነፋ። መድኃኒቱ ተራግፎ አልቋል። ብድግ ብዬ፣ "አዴ፣ ከእርስዎ የተማርኩትን…" ስል እጄን ያዙኝ።

"አውቃለሁ። ሂጂ፣ ሳይመሽ ድረሺ" አሉኝና ጫማቸውን ከበሩ ላይ አውልቀው ገቡ። ዞረው አላዩኝም። ውስጥ ሥራ ነበረባቸው።